ቅስቱ ለምን ወደ ኋላ ይሮጣል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ብየዳ ብርሃን ጥቂት መስመሮች ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከጅማ ናቸው። እኔም እዚያው ያደግሁ ሰው ነኝ። ደብዳቤዎቹን ሳነብ ሄርማታ አካባቢ የብየዳ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ የዋልኩባቸው ቀኖች ትዝ አሉኝ። ስለዚህ የዛሬው ገጽ የጅማ ነው። አንድ ቃል ብቻ አስቀድሜ ልግለጽ፦ «ቅስት» የምለው በያጆች አርክ የሚሉትን ነው፤ በሁለት ብረቶች መካከል አየሩን ሰንጥቆ የሚነደውን የኤሌክትሪክ እሳት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የኤሌክትሪክ ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መጽሐፍ ላይ ያነበብኩት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ቅስት ማግኔት አጠገብ ሲሆን፣ በአየር ውስጥ የግራ እጅ ሕግ (ማግኔት ከረንት የተሸከመ ሽቦን ወዴት እንደሚገፋ የሚናገረው) ወደሚለው አቅጣጫ ይገፋል። አየሩ ተመጥጦ ከወጣ ግን ካቶዱ ላይ ያለው ነጥብ በተቃራኒው አቅጣጫ ይሮጣል ይላል። አስተማሪዬን ስጠይቀው «ተፈጥሮው ነው» ብሎ አለፈው። አየር እንዴት አድርጎ አቅጣጫ ይቀይራል?
ተማሪው፣ ከቦሳ ኪቶ

መልስ፦ እንቅልፍ ቢነሳህ አይገርመኝም፤ እኔንም ነስቶኛል። ጥያቄህ ቀላል ይመስላል እንጂ ከመቶ ዓመት በላይ ሰው ያከራከረ ነገር ነው።

መጀመሪያ ይሄ ነጥብ የሚባለው ምን እንደሆነ እንይ። ከረንት በጋዝ ውስጥ እንዲያልፍ ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ብረት ወጥተው ወደ ሌላው መድረስ አለባቸው። የሚወጡበት ብረት ካቶድ ነው። ችግሩ፣ ኤሌክትሮን ከብረት ውስጥ በዋዛ አይወጣም። ተንግስተን ከሆነ ማጋል ይቻላል። የሚቀልጠው 3,422 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ስለሆነ፣ ሳይቀልጥ እስኪነጣ ድረስ ግሎ ኤሌክትሮኖቹን በሙቀት ብቻ ይለቃል። መዳብ ግን 1,085 ላይ ይቀልጣል፣ ብረት 1,538 ላይ፣ አሉሚኒየምማ ገና 660 ላይ ውሃ ይሆናል። እነዚህን አግለህ ኤሌክትሮን ልታስወጣ ብትል፣ የሚበቃህን ያህል ከማግኘትህ በፊት ብረቱ ራሱ ተንኖ ያልቃል።

ታዲያ ምን ይሆናል? ከረንቱ ተሰብስቦ በጣም ጠባብ ቦታ ላይ ይወድቃል፤ ስፋቷ በሺኛ ሚሊ ሜትር በምትለካ ቦታ። እዚያች ላይ ብረቱ ከመቅለጥ አልፎ ይፈነዳል። የፈነዳው ትነት ፕላዝማ፣ ማለትም ከረንት የሚሸከም የጋለ ጋዝ ይሆናል። ፕላዝማው ደግሞ ከብረቱ ፊት ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጥርና ኤሌክትሮኖቹን ከውስጥ ጎትቶ ያወጣቸዋል። የካቶድ ነጥብ የምንለው ይህን ነው። ዕድሜው አጭር ነው፤ ከቢሊዮንኛ ሰከንድ እስከ ሚሊዮንኛ ሰከንድ። በፈነዳበት ቦታ ትንሽ ጉድጓድ ይተዋል፣ ጉድጓዱ ሲሰፋና ሙቀቱ ወደ ጎን ሲሸሽ ይከስማል፣ አጠገቡ ደግሞ ሌላ ይወለዳል።

ቡና ሲፈላ ፈንዲሻ የሚፈነዳበትን ድስት አስብ። አንዷ ፍሬ እዚህ ጋ ጧ ትላለች፣ ቀጥሎ አጠገቧ ያለችው፣ ቀጥሎ ሌላዋ። ከላይ ለሚያይ ሰው ፍንዳታው በድስቱ ውስጥ የሚዞር ይመስላል። የዞረ ነገር ግን የለም፣ ተራ በተራ የፈነዳ ነው ያለው። የካቶድ ነጥብም እንዲሁ ነው። «ነጥቡ ሮጠ» ስንል አዲሱ ነጥብ ከአሮጌው በየትኛው ወገን ተወለደ ማለታችን ነው። ይህችን ከያዝክ ግማሹን መንገድ ጨርሰሃል።

አሁን አየሩን እናምጣ። በቫኪዩም፣ ማለትም አየሩ ተመጥጦ በወጣበት ባዶ ቦታ ውስጥ፣ ከነጥቡ የሚወጣውን የብረት ትነት የሚያቆመው የለም። በሰከንድ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ይበተናል፣ ከነጥቡ ትንሽ ራቅ ሲል ደግሞ ይሳሳል። ቅስቱ ከራሱ ብረት ትነት ሌላ የሚኖርበት ነገር የለውም፤ ካቶዱን እየበላ ነው የሚኖረው። ጋዝ ሲኖር ግን ትነቱ መንገድ ላይ ይጋጫል። በ1 ፓስካል ግፊት (ፓስካል የግፊት መለኪያ ነው) አንድ የአየር ሞለኪውል ከሌላው ጋር ሳይጋጭ በአማካይ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይሄዳል። አንተ ጅማ ላይ በምትተነፍሰው አየር ውስጥ ግን ከሚሊ ሜትር አንድ አስር ሺኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ትነቱ በር በተዘጋበት ማድ ቤት እንዳለ ጭስ እዚያው ይታፈናል። ጋዙም ራሱ ግሎ ከረንት መሸከም ይጀምራል፣ የቅስቱ አምድ፣ ማለትም በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው አካሉ፣ ደግሞ ይጠብባል።

ወደ አቅጣጫው ስንመጣ፣ ይህን ወደ ኋላ መሮጥ ጀርመናዊው ዮሃንስ ሽታርክ እ.ኤ.አ. በ1903 በሜርኩሪ ቅስት ላይ ጽፎታል። ከረንት የተሸከመ ነገር በዙሪያው የራሱ መግነጢሳዊ መስክ እንዳለው ታውቃለህ። ከውጪ ሌላ መስክ ስታመጣበት በአንዱ ወገን ሁለቱ ይደመራሉ፣ በሌላው ወገን ይቀናነሳሉ። ሽቦ ቢሆን መስኩ ከበረታበት ወገን ወደ ደከመበት ይገፋል፤ የግራ እጅ ሕግ የሚለው ይህንኑ ነው። የካቶድ ነጥብ ግን ሽቦ አይደለም። አዲሱ ነጥብ በቫኪዩም ውስጥ የሚወለደው መስኩ በበረታበት ወገን ነው፣ ስለዚህ ሰልፉ በተቃራኒው ይሄዳል። ለምን በዚያ ወገን? እዚህ ላይ ብዙ ማብራሪያ ቀርቧል፣ ሁሉም የተስማማበት ግን እስካሁን የለም። በአስተማሪህ አትፍረድበት።

ጋዝ ሲገባ ግን ነገሩ የሁለት አለቆች ቤት ይሆናል። አምዱ አሁን አካል አለው፣ ማግኔቱ እንደ ሽቦ ወደ ፊት ይገፋዋል። አምዱ ከነጥቡ ቀድሞ ጎንበስ ይላል፣ ከፊት ለፊት ያለውን የብረት ፊት ያግለዋል፣ ጥቅጥቅ ያለ ፕላዝማም ያለብሰዋል። ለአዲሱ ነጥብ ከኋላ ይልቅ ከፊት መወለድ ይቀለዋል። ግፊቱን ቀስ እያልክ ብትጨምር መጀመሪያ ወደ ኋላ የሚሮጠው ነጥብ ፍጥነቱን ሲቀንስ ታያለህ፣ ከዚያ ይቆማል፣ ከዚያ ወደ ፊት ይዞራል። የሚዞርበት ግፊት በካቶዱ ብረት፣ በጋዙ ዓይነት፣ በክፍተቱ ስፋትና በማግኔቱ ጉልበት ይለያያል። ስለዚህ መጽሐፍህ አንድ ቁጥር ብቻ ቢሰጥህ፣ ቁጥሩ የተለካበትን ሁኔታ ፈልግ።

አየር አቅጣጫ ከመቀየር ሌላ የሚሠራው ሥራም አለ፣ እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ይህንን ነው። ብረት ሁልጊዜ ቀጭን የኦክሳይድ ቆዳ አለው፤ ኦክሳይድ ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠረው ነው። ቆዳ ባለበት ቦታ ነጥቦቹ ትናንሽና ፈጣን ይሆናሉ፣ ጥቂት ብረት ብቻ ነው የሚበሉት። ቆዳው ተገፎ ንጹህ ብረት ሲወጣ ደግሞ ዝግ ይላሉ፣ ጠለቅ ያለ ጉድጓድም ይቆፍራሉ። ታዲያ ቅስቱ ቆዳውን ሲገፍፍ ማን ይመልሰዋል? አየሩ ነዋ። በ0.0001 ፓስካል ላይ የብረቱን ፊት አንድ ጊዜ ለመሸፈን የሚበቃ ሞለኪውል እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፣ ይህ ለካቶድ ነጥብ ዘላለም ነው። በጅማ አየር ግን ጥቂት ቢሊዮንኛ ሰከንድ ይበቃል! በአየር ውስጥ ያለ ነጥብ የእውነት ንጹህ ብረት አያገኝም ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ የተነነው ብረት ከጋዝ ጋር እየተጋጨ ከፊሉ ወደ ካቶዱ ይመለሳል። ለዚህ ነው ግፊት ሲጨምር ካቶዱ በተመሳሳይ ከረንት ያነሰ የሚበላው።

ምን ይጠቅማል ካልከኝ፣ የአየር ብሬከር (ከረንቱን በአየር ውስጥ የሚቆርጥ ማቋረጫ) የሠሩ ሰዎች ቅስቱ በአየር ውስጥ ወደ ፊት እንደሚሮጥ ተማምነው ነው ወደ ብረት ሳህኖች ክምር የሚነዱት። እያንዳንዱ ሳህን ቅስቱን ይቆርጠዋል፣ በቆረጠው ቁጥር አዲስ የካቶድ ነጥብ መወለድ አለበት፣ ይህም ለአንድ ሳህን ከ20 እስከ 30 ቮልት ያስከፍለዋል። ክፍያው ሲበዛ ቅስቱ ይሞታል። በ15 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ያለው የቫኪዩም ብሬከር ግን ሌላ መንገድ ነው የሚከተለው፦ ከረንቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ሲያልፍ ነጥቦቹ አንድ በአንድ ይከስማሉ፣ የመጨረሻዋም ስትጠፋ ትነቱ በማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ ዙሪያውን ባለው ብረት ላይ ረግቶ ያልቃል። የሚቀረው ባዶ ነው፣ በባዶ ደግሞ ቅስት መልሶ አይነሳም።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበትክ ወንድሜ። በአጋሮ መንገድ የቡና መፈልፈያ አለኝ። የሞተሩ ኮንታክተር በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ተቃጠለብኝ። ሲከፈት ኮንታክቶቹ ጠቁረው፣ አንዳንዴም ተጣብቀው ይገኛሉ። የሚጠግንልኝ ልጅ «የጅማ አየር ስስ ስለሆነ እሳቱ ቶሎ አይጠፋም፣ ምንም አይደረግም» አለኝ። ገንዘቤ አለቀ። እውነቱን ንገረኝ።
ባለ መፈልፈያዋ

መልስ፦ እትዬ፣ ልጁ የተናገረው ነገር መሠረት አለው፣ ለእርስዎ ኮንታክተር (ሞተሩን በማግኔት ጉልበት የሚያበራውና የሚያጠፋው ማብሪያ) ግን አይመስለኝም።

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በባሕሩ ጠለል ላይ 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እኛ ጋ ወደ 82 ይወርዳል። አምስት ኩባያ ከነበረው አራቱ ቀረ እንደማለት ነው። ስስ አየር ቅስትን በደንብ አያቀዘቅዝም፣ ቮልቴጅ የመቋቋም አቅሙም ይቀንሳል፣ ይሄ ሐቅ ነው። ነገር ግን ዓለም አቀፉ ደረጃ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች እስከ 2,000 ሜትር ድረስ ሙሉ አቅማቸውን እንዲሰጡ ይጠይቃል። ጅማ ከዚያ በታች ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያ ቢሆን ኖሮ ትንሽ ከፍ ያለ መጠን ይግዙ እልዎት ነበር። በዓመት ሦስት ኮንታክተር የሚበላ ነገር ግን ከፍታ አይደለም።

እኔ የምጠረጥረው መንቀጥቀጥን ነው። ኮንታክተሩ ውስጥ ያለው መጠምጠሚያ (ማግኔት የሚሆነው የሽቦ ጥቅል) ኮንታክቶቹን ስቦ የሚይዘው በቂ ቮልቴጅ ሲያገኝ ነው። የ220 ቮልት መጠምጠሚያ ከሆነ ደረጃው የሚያስገድደው 85 ከመቶ፣ ማለትም 187 ቮልት እስካለ ድረስ በደንብ እንዲዘጋ ነው። ከዚያ በታች ምንም ዋስትና የለም። ሞተርዎ ሲነሳ ከመደበኛው ስድስት እጥፍ ያህል ከረንት ይስባል፣ በዚያች ቅጽበት መስመሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ይወርዳል፤ በተለይ ገመዱ ቀጭንና ረጅም ከሆነ፣ ወይም በአካባቢው ያሉ መፈልፈያዎች ሁሉ በአንድ ሰዓት ሲሠሩ። መጠምጠሚያው ይደክማል፣ ኮንታክቱ ይላቀቃል፣ ሞተሩ ስለሚተወው ቮልቴጁ ይመለሳል፣ ኮንታክቱ እንደገና ይገጥማል፣ እንደገና ይላቀቃል። ትር ትር ትር የሚል ድምፅ ሰምተው ከሆነ እሱ ነው።

በእያንዳንዷ ትርታ ቅስት ይነሳል። በእያንዳንዱ ቅስት የካቶድ ነጥቦች (ከላይ ለተማሪው የገለጽኳቸው ጥቃቅን ፍንዳታዎች) ኮንታክቶቹን የለበጠውን የብር ማዕድን ይቆፍራሉ፣ ያቀልጡታል። የቀለጠው ሳይረጋ ሁለቱ ኮንታክቶች መልሰው ሲገጥሙ ደግሞ ይበየዳሉ። ተጣብቀው የሚያገኟቸው ለዚህ ነው። ኮንታክተር በደህና ጊዜ በቀን ጥቂት ጊዜ የሚያየውን ቅስት፣ ሲንቀጠቀጥ በአንድ ማስነሳት ብቻ ሊያየው ይችላል።

እንግዲህ ልጁን እንዲህ ይበሉት። ሞተሩ ሲነሳ በመጠምጠሚያው ሁለት ጫፎች ላይ ያለውን ቮልቴጅ ይለካ። ሞተሩ ከቆመ በኋላ ሳይሆን ሲነሳ። ከ187 በታች ከወረደ ችግሩ ተገኘ፣ መፍትሔውም ወፈር ያለ ገመድ ወይም ሞተሩን በስታር ዴልታ (ሲነሳ ያነሰ ከረንት እንዲስብ በሚያደርግ አገናኝ) ማስነሳት ነው። ቮልቴጁ ደህና ከሆነ የኮንታክተሩን ማግኔት ፊት ይመልከት። የቡና ገለባ አቧራ እዚያ መሃል ሲገባ በደንብ አይገጥምም፣ ይንቀጠቀጣል። ሳጥኑ በደንብ የሚዘጋ መሆን አለበት። ብሎኖቹንም ያጥብቅ። ይህን ሁሉ ግን ዋናው ብሬከር ወርዶ ተቆልፎ ነው የሚሠራው፣ ከመለካቱ በስተቀር። መለካቱን ደግሞ የሚያውቅ ሰው ብቻ ይሥራው።

አንድ ነገር አደራ፦ የጠቆረውን ኮንታክት በብርጭቆ ወረቀት አያስፈግፍጉት። ጥቁረቱ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም። የሚፈገፈገው ብሩ ነው፣ ብሩ ሲሳሳ ደግሞ ቀጣዩ ቅስት ከሥር ያለውን መዳብ ያገኘዋል።

ጥያቄ፦ በያጅ ነኝ። ጅቡቲ ወደብ ላይ አራት ዓመት ሠርቼ ወደ ጅማ ተመለስኩ። እዚያ ኤሌክትሮዱ እንደ ቅቤ ነበር የሚሄደው። እዚህ ይተፋል፣ ይጠፋል፣ ይጣበቃል። የአየር ግፊት ልዩነት ነው የሚሉኝ አሉ።
የወደቡ በያጅ

መልስ፦ እንኳን ወደ አገርህ በሰላም ገባህ። ግፊቱ አይደለም። ከ101 ወደ 82 ኪሎ ፓስካል መውረድ የቅስቱን ቮልቴጅ ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል፣ በእጅህ ግን አይታወቅህም። ቅስቱን ከፍ ዝቅ ስታደርግ አንተ ራስህ በየሰከንዱ የምታመጣው ለውጥ ከዚያ ይበልጣል።

ግፊት በያጅን የሚያስቸግረው በሌላኛው ጫፍ ነው። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል። እዚያ ታች በደረቅ ክፍል ውስጥ የሚበይዱ ሰዎች አሉ። ጥልቀቱ ሲጨምር ቅስቱ እየጠበበ ይሄዳል፣ እንዳይጠፋ የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ይጨምራል፣ እግሩም (የካቶድ ነጥቡ) አልረጋ ይላል። ስለዚህ ማሽናቸው የተለየ ነው።

አንተ ጋ ግን ሁለት ነገር ፈትሽ። አንደኛ ቮልቴጁን። ትራንስፎርመር ማሽንህ በ220 የተሠራ ሆኖ 180 ከገባለት የሚሰጥህ ሁሉ በዚያው መጠን ይወርዳል። በኤሲ (አቅጣጫው በሚለዋወጥ ከረንት) ስትበይድ ቅስቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይጠፋል፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ካቶዱ ቦታ ይለዋወጣል፤ አንዴ ኤሌክትሮዱ፣ አንዴ ላሜራው። ነጥቡ 100 ጊዜ ከዜሮ መወለድ አለበት ማለት ነው። 6013 በሚባለው ኤሌክትሮድ ሽፋን ውስጥ ያለው ፖታሲየም ለዚህ ነው የተጨመረው፣ ጋዙ ቶሎ ከረንት እንዲይዝ ያግዛል። ማሽኑ ቮልቴጅ ሲያጥረው ግን ፖታሲየሙም አያድነውም። ሁለተኛ እርጥበቱን። ጅማ ክረምቱን ታውቀዋለህ፣ ተዘግቶ የከረመ ልብስ እንኳ ይሻግታል። ክፍት የተተወ ፓኬት እርጥበት ይጠጣል፣ እርጥበቱም ብየዳውን ያስተፋዋል፣ ቀዳዳ ያበዛዋል። 6013ን 100 ዲግሪ አካባቢ ማድረቅ ይበቃል። 7018 የሚባለው ኤሌክትሮድ ግን ከ300 በላይ ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ምድጃ አታድርቃቸው።

ጥያቄ፦ ሁለት ወንድማማቾች ነን፣ ለካፌና ለሆቴል የስቴንለስ ጠረጴዛና መደርደሪያ እንሠራለን። በሚግ ማሽን በንጹህ አርጎን ስንበይድ ቅስቱ ይቅበዘበዛል፣ መስመሩ ጠማማ ይወጣል። ጋዝ ሻጩ «ንጹህ ከሆነ ከሁሉ የተሻለ ነው» ብሎን ነው የገዛነው። በዚሁ ጋዝ አሉሚኒየም ስንሠራ ደግሞ ጎበዝ ነው። ምን ጉድ ነው?
ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ከሄርማታ

መልስ፦ ጥያቄያችሁ ከላይ ለተማሪው ከጻፍኩለት ጋር አንድ ነው፣ እሱንም አንብቡት። በሚግ (ሽቦው ራሱ እየቀለጠ በሚበየድበት ማሽን) ሽቦው ፖዘቲቭ ነው፣ ስለዚህ ካቶዱ የምትበይዱት ስቴንለስ ነው። የካቶድ ነጥብ ኦክሳይድ ቆዳ ይወዳል፤ እዚያ ላይ መወለድ ይቀለዋል። በንጹህ አርጎን ውስጥ ስትሠሩ ነጥቦቹ በሥራቸው ያለውን ቆዳ ይጨርሱታል፣ የሚተካው ኦክስጅን ደግሞ የለም። ስለዚህ ወዲያና ወዲህ እየዘለሉ ቆዳ ፍለጋ ይሄዳሉ። ቅስቱም ይከተላቸዋል። የተቅበዘበዘው ቅስት ሳይሆን እግሩ ነው።

መድኃኒቱ በጣም ትንሽ ነው። አርጎኑ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ከመቶ ኦክስጅን፣ ወይም 2 ከመቶ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ድብልቅ ግዙ። ያችው ጥቂት ኦክስጅን ቆዳውን እየመለሰች ነጥቡን በቦታው ታቆየዋለች። መስመሩም ይቃናል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አታብዙት፣ ጋራዥ ቤት ለመኪና አካል የሚጠቀሙበት ሲኦቱ ለብቻው ለስቴንለስ አይሆንም። ካርቦኑ ወደ ብረቱ ይገባና ቆይቶ ያዝገዋል። ሻጩ የነገራችሁ ለአሉሚኒየም ልክ ነው። ለስቴንለስ ሚግ ግን አይደለም።

አሉሚኒየሙ ለምን ጎበዝ ሆነ? የአሉሚኒየም ቆዳ የሚቀልጠው 2,072 ዲግሪ ላይ ነው፣ ከሥሩ ያለው አሉሚኒየም ደግሞ 660 ላይ። ቆዳው ካልተገፈፈ ውስጡ ውሃ ሆኖ ላዩ ጠጣር ይሆናል፣ ሁለቱ ጠርዞችም አይዋሃዱም። እዚህ ላይ የነጥቦቹ ቆዳ አሳዳጅነት ራሱ ሥራ ይሠራላችኋል፤ እየዘለሉ ቆዳውን ይገፍፉታል፣ ብየዳው ዳር ላይ የሚታየው ነጣ ያለ መስመር የእነሱ መንገድ ነው።  በኤሲ ቲግ (በማይቀልጥ የተንግስተን ጫፍ የሚበየድበት) ስትሠሩ በጥቁሩ መስታወት አተኩራችሁ ብታዩ፣ ከቀለጠው ብረት ገንዳ ዳር የሚርመሰመሱ ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች ታያላችሁ። የካቶድ ነጥብን በዓይን ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፣ እባካችሁ አንድ ቀን ጊዜ ወስዳችሁ እዩት።

ኦክስጅን ያለበትን ጋዝ ግን ለቲግ እንዳትጠቀሙ። የተንግስተኑን ጫፍ በደቂቃ ውስጥ ይበላዋል። ሁለት ሲሊንደር ያስፈልጋችኋል፣ ላያቸው ላይ በትልቁ ጻፉበት።

ጥያቄ፦ የጅማ በርጩማና ወንበር እሠራለሁ። ከአዲስ አበባ መርካቶ ወርቅማ መሰርሰሪያ ገዛሁ፣ ከተራው በዋጋ ይበልጣል። ወርቁ ምንድን ነው? ዋጋውስ ያዋጣል?
እንጨት ሠሪው

መልስ፦ በደንብ የተሠራ ከሆነ ቲታኒየም ናይትራይድ ነው፣ ውፍረቱ ጥቂት ሺኛ ሚሊ ሜትር። ብዙውን ጊዜ የሚለበጠው በዚሁ በካቶድ ነጥብ ነው። አየሩ በወጣለት ሳጥን ውስጥ ቲታኒየም ካቶድ ይሆናል፣ ቅስቱ ያተነዋል፣ በ1 ፓስካል አካባቢ የገባው ናይትሮጅን ከትነቱ ጋር ተዋህዶ መሰርሰሪያው ላይ ያርፋል። የጋዙ ግፊት እዚህም ወሳኝ ነው። ናይትሮጅኑ ሲያንስ ነጥቡ ንጹህ ቲታኒየም ላይ ዝግ ብሎ ይቆፍራል፣ የቀለጠ ጠብታም ይረጫል፣ ልባጡ ሻካራ ይሆናል። ሲበቃው ካቶዱ ራሱ ናይትራይድ ይለብሳል፣ ነጥቡ ይፈጥናል፣ ጠብታውም ይቀንሳል።

ልባጡ የሚጠቅመው ብረት ለሚበሳ ሰው ነው። ዋንዛ ለሚበሳ ሰው የጫፉ ስለት ይበልጥበታል። ቀለሙም ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ለእርስዎ ሥራ ተራውን ይግዙና በደንብ ይሳሉት።

ጥያቄ፦ ቤታችን ፊት ለፊት የበር ብየዳ አለ። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቆመው ያያሉ። ትልቁ ማታ ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል ቆጥቁጦት ሲያለቅስ አደረ። ምን ላድርግ?
እናት፣ ከጂረን

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ከቅስቱ የሚወጣው የማይታይ አልትራቫዮሌት ብርሃን የዓይኑን ፊት አቃጥሎት ነው። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ስለሚጀምር ነው ልጁ ቀን ላይ ምንም ያላለሽ። ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም ሁለት ቀን ይለቃል። ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ይረፍ፣ ንጹህ ቀዝቃዛ ጨርቅ በተዘጋው ዓይኑ ላይ አድርጊለት፣ ዓይኑን እንዳያሸው አድርጊ። ድንችም ሆነ ወተት ዓይኑ ውስጥ አታስገቢ። ከሁለት ቀን ካለፈ ወይም ማየት ካስቸገረው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል አለ፣ እዚያ ውሰጂው። ከሩቅ ማየትም፣ በጥቁር የፀሐይ መነጽር ማየትም አያድንም። በያጁ ራሱ የሚያየው ቁጥር 10 ወይም 11 በሆነ መስታወት ነው።

በያጁን ደግሞ ሄደሽ አነጋግሪው። ብዙዎቹ ልጅ እንደሚጎዳ ሲነገራቸው ይደነግጣሉ እንጂ አይቆጡም። መንገዱ በኩል የሰው ቁመት ያለው የተረፈ ላሜራ ወይም ወፍራም ሸራ ቢያቆም በቂ ነው።